ነነዌ በካሪቢያን ባሕር ላይ

ባለቤቴ ከግንቦት 1983 ዓ.ም. ወዲህ መርከብ ረግጦ አያውቅም ነበር። ከምንኖርበት ሜሪላንድ ባሕሩ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። ልጆቹ ትንንሽ ሳሉ በየሐምሌው ኦሽን ሲቲ እንወስዳቸው ነበር። እነሱ ከማዕበሉ ጋር ሲጯጯሁ፣ እሱ ጀርባውን ለውሃው ሰጥቶ መኪናው አጠገብ ምሳ ያሰናዳል። «አባዬ ውሃ ይፈራል» ይሉ ነበር። እኔም አላረምኳቸውም። አባታቸው አሥራ ሦስት ዓመት በባሕር ኃይል፣ ያውም በመርከብ ሞተር ክፍል እንደሠራ የሰሙት ካደጉ በኋላ ነው።

እኔም ብሆን ከዚያ ብዙ የዘለለ አላውቅም ነበር። ከተጋባንበት ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ እሱ ቀን ታክሲ ይነዳል፣ እኔ ሌሊት አረጋውያን መጦሪያ አድራለሁ። አንዳችን ስንገባ ሌላችን እንወጣለን። ጠዋት በር ላይ የመኪና ቁልፍ ስንቀባበል የምናወራው ስለ ልጆቹ ትምህርትና ስለ ቤት ክፍያው ነው። ሰባት ቀን ሙሉ ሥራ ፈትተን፣ እሱና እኔ ብቻ ፊት ለፊት ተቀምጠን አናውቅም። ታክሲውን ባስረከበ ሰሞን ልጆቻችን ተመካክረው የካሪቢያን የመርከብ ጉዞ ገዙልን። ከፎርት ላውደርዴል ተነስቶ ጃማይካን፣ ግራንድ ኬይማንንና የሜክሲኮዋን ኮዙሜል ደሴት አዳርሶ የሚመለስ የሰባት ሌሊት ጉዞ ነው። እምቢ ይላል ብዬ ሰጋሁ። እሱ ግን ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበና «ስንት ሺህ ቶን ናት?» ብሎ ጠየቀ።

ልጃችን ትኬቱን የቆረጠችው በፈረንጁ አቆጣጠር ነው፤ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2025። በእኛ እሑድ የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም. መሆኑ ነው። የቤተ ክርስቲያኑን የቀን መቁጠሪያ ከግድግዳ ላይ አውርጄ ሳየው፣ ሰኞ የካቲት 3 ጾመ ነነዌ ይገባል። ሦስቱም የጾም ቀን ባሕር ላይ ሊያገኘን ነው። ነቢዩ ዮናስ በመርከብ ሸሽቶ፣ በዓሣ ሆድ ሦስት ቀን ያደረበት ጾም! ቀኑን እናስቀይር አልኩት። «ዮናስም ቀን አልመረጠም» አለኝ። የቀኑን ሌላ ፍቺ እሱ ያን ጊዜም ያውቀው ኖሯል፤ እኔ ግን አላወቅሁም።

ወደቡ ላይ ስንደርስ መርከቧ አሥራ አምስት ፎቅ ሕንፃ በቁሙ ባሕር ዳር የተገተረ ትመስላለች። ሰው ሁሉ ፎቶ ሲነሣ እሱ አንገቱን ቀና አድርጎ የነፍስ አድን ጀልባዎቹን ይቆጥራል። ካቢናችን ገብቼ ሻንጣ ስፈታ በሌላኛው ወገን ያሉትን ሊቆጥር ሄደ። ተመልሶ «ለሁሉም ይበቃል» አለኝና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ጥሩምባው ሲነፋ በረንዳው ላይ ነበርን። የፎርት ላውደርዴል ሰው ከየሰገነቱ ጨርቅ እያውለበለበ ይሸኛል። ባለቤቴ የሚያየው ግን የብሱን ሳይሆን ገመዶቹን ነው። የመጨረሻው ገመድ ከብረት ምሰሶው ሲላቀቅ እጄን ያዘኝ። መዳፉ ላብ በላብ ነበር።

ሰኞ ቀኑን ሙሉ የብስ አልታየም። ጾሙን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይዘን ወደ ቡፌው ወጣን። በዚያ ሁሉ ሥጋና አይብ መካከል የጾም ምግብ መፈለግ ይከብዳል ብዬ ነበር። አስተናጋጁ የፊሊፒንስ ልጅ ነው። የሃይማኖታችን ጾም እንደሆነና የእንስሳት ተዋጽኦ እንደማንበላ ስነግረው ሳህኔን ተቀበለኝ። ምስሩን፣ ሩዙን፣ ቅቤ ያልነካውን ዳቦ ራሱ እየመረጠ አመጣልን። በየቀኑም ሳንጠራው ይመጣ ነበር። ከቤቱ ከወጣ ሰባት ወሩ ነው፤ ልጁ ዳዴ ማለት የጀመረው በስልክ ስክሪን ላይ ነው። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ አስተናጋጁን ትከሻውን ይዞ ለረጅም ጊዜ አነጋገረው። መርከበኛ ለመርከበኛ የሚለው ነገር አለ፤ እኔ ሰላጣዬን ይዤ ዝም አልኩ።

አመሻሹ ላይ በኩባና በሄይቲ መካከል ባለው መተላለፊያ ገባን። በስተቀኝ ፀሐይ ከኩባ ጀርባ ስትጠልቅ፣ በስተግራ ለመሙላት ሁለት ቀን የቀራት ጨረቃ ወጥታ ነበር። ኩባን በዓይኔ አያለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። በእኛ ዕድሜ ያለ ኢትዮጵያዊ የዚችን ደሴት ስም ያለ ታሪክ አይጠራም። በ1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦርነት ወታደሮቿ ከእኛ ጎን ተሰልፈዋል፤ ከዚያም ወላጆቻቸውን በጦርነት ያጡ በሺህ የሚቆጠሩ ሕፃናት ወደ ወጣቶች ደሴቷ ተልከው ተምረዋል። ከሰፈራችን የሄደ አንድ ልጅ ነበር፤ ስፓኒሽ እየዘፈነ ተመለሰ። ጨለማው ውስጥ አንድ የመብራት ማማ ብልጭ ጥፍት ሲል አየን። ባለቤቴ ሰከንዱን በከንፈሩ ይቆጥር ነበር።

ማታ በረንዳው ላይ ተቀምጠን ትንቢተ ዮናስን አነበብኩለት። አራት ምዕራፍ ብቻ ናት። በየዓመቱ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ እሰማታለሁ። ጆሮዬ የሚይዘው ግን ዓሣውን፣ ቅሉንና የነነዌን ንጉሥ ማቅ ነበር። ማዕበሉ ሲነሣና ዕጣው በዮናስ ላይ ሲወድቅ፣ እሱም ወደ ባሕር ጣሉኝ ሲላቸው፣ መርከበኞቹ ወዲያው አልጣሉትም። ወደ የብስ ሊመልሱት በብርቱ ቀዘፉ፤ አልቻሉም እንጂ። እዚህ ላይ ስደርስ «ድገሚልኝ» አለ። ደገምኩለት። አሁንም «ድገሚልኝ» አለኝ። ሦስተኛውን ስጨርስ ፊቱ እርጥብ ነበር።

በጎንደር ጫፍ ደጋ ላይ የተወለደ ሰው ነው። ባሕር ያየው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ከአሥመራ በነፋሲትና በጊንዳ ቁልቁል በሚወርደው መኪና ላይ ሆኖ ነበር። ምፅዋን ሲያወራ እንኳ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ዓሣው፣ ስለ ነጭ ልብሱ አተኳኮስ ብቻ ነው። በዚያ ሌሊት ግን የ1982ቱን የካቲት ነገረኝ። ሻዕቢያ ከተማዋን ማጥቃት የጀመረው የካቲት 1 ነው፤ በሦስተኛው ቀን ምፅዋ ከእጅ ወጣች። እኛ ከኩባ ጫፍ የተቀመጥንባት ሌሊት ሠላሳ አምስተኛ ዓመቷ ነበረች።

በአንድ ኮርስ የገባ፣ አልጋ ለአልጋ የተኛ ጓደኛ ነበረው። ወደ ዳህላክ ሊወጡ ሲሉ ያ ጓደኛ «ቁስለኛ ይዤ መጣሁ፣ ጠብቁኝ» ብሎ ወደ መጋዘኖቹ ሮጠ። ባለቤቴ ታች ሞተር ክፍል ነበር። ከላይ ትእዛዝ ይመጣል፤ ታች ያለ ሰው የትእዛዙን ደወል እንጂ ወደቡን አያይም። ደወሉ ሙሉ ኃይል ወደ ፊት አለ። «ሞተሩን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለኝ። ወደ ላይ ሲወጣ ወደቡ ጭስ ውስጥ ነበር፤ ጓደኛው በመርከቧ ላይ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ያየሁት የሚል ሰው አላገኘም። በዓመቱ በግንቦት አሰብም ልትያዝ ስትል የቀሩት መርከቦች ወደ የመን ሲሸሹ አብሮ ወጣ፤ ካምፕ፣ ከዚያም አሜሪካ። የመጨረሻውን እኔም አውቀዋለሁ። የመጀመሪያውን ግን ሃያ ዘጠኝ ዓመት አብሬው ስኖር አልሰማሁም።

ምን ልበለው? ሌሊቱን ሙሉ አረጋውያን ሲናዘዙ የሰማሁ ሴት ነኝ፤ መልስ የማያስፈልገው ንግግር አለ። ጋቢውን ለሁለታችን አለበስኩና ዝም ብለን ጨረቃዋን አየን።

ማክሰኞ ማለዳ ፋልመዝ ገባን። ጃማይካ ለእኛ እንደ ሌላው ደሴት አይደለችም። ገና ከወደቡ በር ሳንወጣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀዩ በየሱቁ ደጅ ተሰቅሏል፤ ዘውድ የደፋው አንበሳ በየካናቴራው ላይ ነው። የአውቶቡሱ አስጎብኚ በመንገዱ የከተማዋን ታሪክ ነገረችን። የስኳር ወደብ ነበረች። በ1838 እ.ኤ.አ. የባርነት ቀንበር ሲወድቅ፣ የከተማዋ ባፕቲስት ምእመናን ሰንሰለትና አለንጋ በሣጥን አድርገው እንደ ሬሳ ቀብረዋል። አውቶቡሱ ቆሞ መቃብሩን አለማየታችን እስካሁን ይቆጨኛል። የጉብኝት ጉዞ ሁሉ ችኩል ነው፤ ሰው ሊያለቅስበት የሚገባውን ቦታ በመስኮት ያሳልፉታል።

የመረጥነው ጉብኝት በማርታ ብሬ ወንዝ ላይ በቀርከሃ መንሳፈፍ ነው። ታንኳዋ ርዝመቷ ዘጠኝ ሜትር ገደማ ናት፤ ቀርከሃ ጎን ለጎን ታስሮ ከኋላዋ ለሁለት ሰው መቀመጫ ተሠርቶባታል። ቀዛፊው ከፊት ቆሞ በረጅም ዘንግ የወንዙን ወለል እየገፋ ይነዳታል። እኔ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። የጣና ደንገል ታንኳ እንዴት እንደሚረገጥ፣ ክብደት እንዴት እንደሚከፈል ከልጅነቴ አውቃለሁ። ጫማዬን አውልቄ ስገባ ቀዛፊው ሳቀና በአድናቆት ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ ባለቤቴን እጁን ይዤ ያስገባሁት እኔ ነኝ። የአሥራ ሦስት ዓመት መርከበኛውን! በወንዙ ላይ ፀጥታው ልዩ ነው፤ ከዘንጉ ጠብታ በቀር ድምፅ የለም። ትላልቅ ዛፎች ከሁለቱም ዳር ተቃቅፈው ዳስ ሠርተዋል።

ቀዛፊው ፀጉሩን የገመደ፣ ሃምሳዎቹን ያጋመሰ ሰው ነው። ከየት ናችሁ አለን። ከኢትዮጵያ ስንለው ዘንጉን ወደ ውሃው ሳያወርድ ቀረ። ታንኳዋ በራሷ ቀስ እያለች ስትሄድ ዞሮ ባርኔጣውን አወለቀና በአማርኛ «ጤና ይስጥልኝ» አለ። እዚያ ወንዝ ላይ፣ ከዚያ ሰው አፍ! እንባዬ መጣ።

አያቱ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን አውሮፕላን ማረፊያ ንጉሠ ነገሥቱን ሊቀበል ከወጣው ሕዝብ መካከል ነበረች። ዝናቡን፣ አጥሩን ጥሶ አውሮፕላኑን የከበበውን ሰው፣ የራስተፈሪያኑ ሽማግሌ ሞርቲመር ፕላኖ ደረጃውን ወጥቶ ጃንሆይን ይዞ እስኪወርድ ድረስ የነበረውን ጥበቃ፣ በዓይኑ እንዳየ ሰው ተረከልን። እናቱ በእኛው ቤተ ክርስቲያን ተጠምቃለች፤ አቡነ ይስሐቅ፣ ቦብ ማርሊን ያጠመቁት ጳጳስ፣ በዚያች ደሴት የተከሏት ተዋሕዶ። ሻሸመኔን አይታችኋል ወይ አለን። ጃንሆይ ለጥቁር ሕዝብ የሰጧትን 5 ጋሻ መሬት ማለቱ ነው። ባለቤቴ በአውቶቡስ ሲያልፍ እንዳያት ሲነግረው መንገዱን፣ ዛፉን፣ አፈሩን ጠየቀው።

ከዚያ የሚከብደው ጥያቄ መጣ፤ አንተስ ንጉሡን አገልግለሃል? ባለቤቴ ጥቂት ዝም አለ። ወደ ባሕር ኃይል ሲገባ ጃንሆይ ከወረዱ ዓመታት እንዳለፉ፣ ያገለገለው ያወረዷቸውን እንደሆነ ሳይሸፍን ነገረው። የሠለጠነባት መርከብ ግን እሳቸው ከአሜሪካ ያመጧት፣ ስሟም «ኢትዮጵያ» የነበረች መርከብ ናት። ሰውዬው «ኢትዮጵያ መርከብ ነበራት?» ብሎ ጮኸ። ነበራት። መጨረሻዋ የመን ሆኖ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ዛሬም የንግድ መርከቦች አሏት፤ ወደቡ ነው የሌላት። ቀዛፊው ይህን ሰምቶ ምንም አልመለሰም። ዘንጉን ለባለቤቴ አቀበለው። ባለቤቴ ተነሥቶ ቆመና ከወንዙ መታጠፊያ እስከ መታጠፊያ፣ ቀስ እያለ፣ ገፋ። እግሩ አልተንቀጠቀጠም።

ስንወርድ በቀዛፊው ጥቆማ የመንገድ ዳር ምግብ ቤት በላን። ራስተፈሪያኑ «አይታል» የሚሉት ምግብ አለ፤ ሥጋ የለው፣ ወተት የለው፣ ብዙዎቹ ጨው እንኳ አይጨምሩበትም። ካላሉ የሚሉት ቅጠል ከጎመን አይለይም። ከካሳቫ የተጋገረ ቂጣ፣ በኮኮናት ወተት የበሰለ ሩዝና ቦሎቄ። ነነዌን በጃማይካ እንደዚያ እንጾማለን ብሎ ማን አስቦ! መርከብ ላይ ስንት ዓይነት ምግብ ተደርድሮልን እንደዚያ ሳህን የጣፈጠኝ የለም።

ረቡዕ ግራንድ ኬይማን ደረስን። ጆርጅታውን ለትልልቅ መርከቦች የሚሆን መጠጊያ ስለሌላት፣ መርከቧ ራቅ ብላ ትቆምና ሰዉን ትንንሽ ጀልባዎች ያመላልሱታል። ያን ዕለት የሄድነው ስቲንግሬይ የተባሉት ጠፍጣፋ ዓሦች ከሚሰበሰቡበት የአሸዋ ጀርባ ነው። ድሮ ዓሣ አጥማጆች ያጠመዱትን እዚያ እያጸዱ ትርፍራፊውን ይጥሉ ስለነበር ዓሦቹ ጀልባ ሲመጣ መቅረብን ለመዱ። ውሃው ከወገቤ አያልፍም። በስድሳ ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ባሕር ውስጥ ቆምኩ። አንዷ በእግሬ መካከል ስታልፍ ቆዳዋ እንደ እርጥብ ሐር ለሰለሰኝ፤ «ወለተ ዮናስ» አልኳት። ባለቤቴም ገባ። ጀርባውን አልሰጠም።

ወደ መርከቧ የሚመለሰው የመጨረሻው ጀልባ ሊነሣ ሲል ከኋላ ጩኸት ሰማን። አንዲት አሮጊት ሴት በምርኩዝ፣ አንድ ሰውዬ ደግፏት፣ በመተላለፊያው እየመጡ ነው። ገመዱን የሚፈታው ወጣት ሰዓቱን አይቶ ጎንበስ አለ። ባለቤቴ ከመቀመጫው ሲነሣ አላየሁትም። ያየሁት ገመዱ ላይ እጁን ጭኖ ቆሞ ነው። ወጣቱ እጅህን አንሳ አለው። አላነሳም። ድምፁን ሳያሰማ፣ ሳይቆጣ፣ ዓይኑን ከአሮጊቷ ላይ ሳይነቅል ቆመ። የጀልባው ሹፌር ወደ ኋላ ዞሮ አየውና ሞተሩን አቀዘቀዘ። ምናልባት ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። አሮጊቷ ስትሳፈር ክንዷን ይዞ ያስቀመጣት እሱ ነው፤ ከዚያ እጁን ከገመዱ አነሣ። መርከቧ ጋ እስክንደርስ አንድም ቃል አልተነጋገርንም። ማታውን ጨረቃ ሞልታ ነበር።

ሐሙስ ጾሙ ተፈታ። እሱ ግን አልተነሣም። በሃያ ዘጠኝ ዓመት ትዳር ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት በላይ ተኝቶ አላየሁትም፤ ያን ቀን እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት ተኛ። ሁለት እንቁላል ከቡፌው ይዤለት መጥቼ በናፕኪን ሸፍኜ ጠበቅሁት። እስትንፋሱን እየሰማሁ መጽሐፍ አነበብኩ። ከጉዞው ሁሉ ያቺን ጠዋት የምወዳትን ያህል የምወደው የለም።

ኮዙሜል ላይ ብዙ አልቆየንም። ሳን ኸርባሲዮ የተባለውን የማያዎች ፍርስራሽ አየን። ድንጋዮቹ ዝቅ ያሉ ናቸው፤ የነገሩን ታሪክ ግን ከእኔ ጋር መጣ። የማያ ሴቶች ኢሽቼል ለተባለችው የመውለድ አምላካቸው ሊሳሉ ከየብስ በታንኳ ያንን ባሕር እየቀዘፉ ይመጡ ነበር። ያንን የመሰለ ማዕበል፣ በታንኳ፣ ልጅ ለመለመን። ግሸን በእግራቸው የወጡ ሴቶችን ስለማውቅ ድንጋዩን በእጄ ዳሰስኩላቸው።

እሑድ አውሮፕላን ማረፊያ ልጃችን ልትቀበለን መጥታ ነበር። «አባዬ እንዴት ነበር?» አለችው አቅፋው። መርከቧ ጥሩ እንደሆነች፣ ጀልባዎቿም እንደሚበቁ ነገራት። ከዚያ ቀይ ባሕርን የሚያቋርጥ እንደዚህ ያለ ጉዞ ካለ እንድታይለት ጠየቃት። ልጄ ደንግጣ አየችኝ። እዚያው ቆማ ስልኳን ከፈተችና ጥቂት ቆይታ፣ የየመን ሁቲዎች መርከቦችን መምታት ከጀመሩ ወዲህ ድርጅቶቹ መስመሩን ትተው በአፍሪካ ዙሪያ እንደሚሄዱ አነበበችለት።

«እንጠብቃለን» አላትና ሻንጣዎቹን አንሥቶ ወደ መኪናው ሄደ።